እናትዎም አብረው እንዲሄዱ፦ የሚያንገጫግጨውን መኪና ለቤተሰብ ማለስለስ

ለበዓል ወደ ገጠር ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል። ስኳሩ፣ ዘይቱና ለዘመድ የተገዛው ልብስ ተጭኗል፤ ልጆቹ መስኮት አጠገብ ለመቀመጥ ይጣላሉ። መኪናው ሐዋሳ ውስጥ በየሰፈሩ የሚታየው፣ ዳገትም ጭቃም የማይበግረው ላንድ ክሩዘር ነው። በዚህ መሐል እናትዎ ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ይቆሙና «እኔ ዘንድሮ ይቅርብኝ፤ እናንተ በሰላም ግቡ» ይላሉ። ለምን ሲሏቸው ቤቱ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ብለው ነው። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው። ካለፈው ጉዞ በኋላ ወገባቸውን ሳምንት ሙሉ አሟቸዋል፤ ልጃቸውን ፊት ለፊት «መኪናችሁ ጎዳኝ» ማለት ግን አልሆነላቸውም።

እስቲ ያንኑ ጉዞ መለስ ብለው ያስታውሱት። ሲሄዱ መኪናው እያንጠረጠረ ሲወስዳችሁ ነበር። ሲመለሱስ? ከኋላ ሁለት ጆንያ ድንች፣ ቆጮ፣ አቮካዶ፣ ምናልባትም ከተማ ድረስ የሸኛችኋቸው ሁለት ዘመዶች ነበሩ። መንገዱ ያው መንገድ ነው፣ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነው። መኪናው ግን ረጋ ብሎ መጣ፤ ልጆቹም እንቅልፍ ወሰዳቸው። «ደክሟቸው ነው» ብላችሁ አልፋችሁት ይሆናል። ድካሙ እንዳለ ሆኖ፣ የምቾቱ ዋና ምክንያት ግን ጆንያው ነበር።

ይህን ከተረዱ መኪናዎን ለማለስለስ ብዙ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ምን መሥራት እንዳለብዎ ግማሹን አወቁ ማለት ነው።

ለጭነት የተሠራ ወገብ

በአገራችን «ሃርድ ቶፕ» የምንለውን ጨምሮ የላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ ሞዴሎች ለገበያ የቀረቡት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፊት እግራቸው በጥቅል ሞላ ቢተካም፣ የኋላው እስከ ዛሬ በባሌስትራ ላይ ነው። ምክንያቱም መኪናው የታሰበው ለሥራ ነው። መድኃኒት፣ የእርዳታ እህል፣ የውኃ ቧንቧ፣ በርሜል ነዳጅና ስምንት አሥር ሰው ጭኖ መንገድ በሌለበት እንዲሄድ ነው። ደብል ጋቢና ሃይሉክስም ከኋላው እንዲሁ ነው።

ብዙዎቹ እነዚህ መኪኖች ወደ ቤተሰብ የሚመጡት የመሥሪያ ቤት ዘመናቸውን ጨርሰው፣ በጨረታ ተሽጠው ነው። ትናንት የብዙ መቶ ኪሎ ጭነት ይሸከም የነበረው ባሌስትራ ዛሬ አባት፣ እናት፣ ሁለት ልጅና አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ ይሄዳል። በደንብ የተወጠረ የጠፍር አልጋ ያስቡ። ትልቅ ሰው ሲተኛበት ጠፍሩ ረገብ ብሎ ይቀበለዋል። የሁለት ዓመት ሕፃን ሲወጣበት ግን እንደ ጣውላ ይሆንበታል። ባሌስትራውም ቤተሰብዎን የሚያየው እንደዚያ ሕፃን ነው። ለመታጠፍ የሚያስገድደው ክብደት ስለሌለ፣ የመንገዱን ጉብታ ራሱ ውጦ በማስቀረት ፈንታ ወደ ወንበሩ ያስተላልፈዋል።

ከመንገድ ውጭ የሚሄድ መኪና ሁሉ እንዲህ መሆን አለበት ማለት አይደለም። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣው ሬንጅ ሮቨር በአራቱም ጎማዎች ላይ ብዙ ርቀት የሚወጣና የሚወርድ ለስላሳ ሞላ ይዞ መጣ። ሞላው ለስላሳ በመሆኑ ሲጫን ኋላው እንዳይረግብ የሚደግፍ ተጨማሪ መሣሪያም ተገጠመለት። ትምህርቱ ለእኛም ይሠራል፤ ማለስለስ ይቻላል፣ ነገር ግን ለስላሳ የተደረገ መኪና ጭነቱ ሲመጣ የሚይዘው ሌላ ነገር ይፈልጋል።

«ታዲያ ሌላ መኪና ብገዛስ?» ይሉ ይሆናል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ብዙ ቤተሰብ ያለውን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ ተንከባክቦ መያዝ ግድ ሆኖበታል። ስለዚህ ያለውን ማስተካከል ይሻላል።

የእናትዎ ወገብና የልጅዎ ማስመለስ አንድ በሽታ አይደሉም

ጋራዥ ከመሄድዎ በፊት ሁለት ነገር ይለዩ። የሰው አካል ተቀምጦ ወደ ላይና ወደ ታች ሲናጥ በጣም የሚረበሸው ንዝረቱ በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ያህል ሲሆን ነው። በዚያ ፍጥነት ሆድና አከርካሪ ከመኪናው ጋር አብረው ይናጣሉ። ባዶ የሆነ ጠንካራ መኪና በኮረኮንች ላይ ሲሄድ ለዚህ ዓይነቱ ንዝረት በእጅጉ ያጋልጣል። እናትዎን የጎዳቸው ይህ ነው። በተለይ አጥንታቸው የሳሳ አዛውንት በኋላ ወንበር ተቀምጠው ድንገት ወደ ላይ ተወርውረው ሲወርዱ የጀርባ አጥንታቸው ሊጎዳ፣ አልፎም ሊሰበር ስለሚችል ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ልጅን የሚያስመልሰው ግን ሌላ ዓይነት እንቅስቃሴ ነው። ከዚያ በጣም የዘገየ፣ አንዱ ዙር ሁለት ሰከንድና ከዚያ በላይ የሚፈጅ መወዛወዝ ነው። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን አካል «እየተንቀሳቀስን ነው» ሲል፣ ስልክ ላይ ወይም የወንበር ጀርባ ላይ የተተከለው ዓይን ደግሞ «ቆመናል» ይላል። በዚህ ምክንያት መኪናውን ከልክ በላይ ማለስለስ ለማስመለስ መድኃኒት አይሆንም፤ ኩርባ በበዛበት መንገድ ላይ ጭራሽ ሊያብሰው ይችላል። የልጁ መድኃኒት ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ መቀመጥ፣ መስኮት ማየት፣ ስልኩን ማስቀመጥና ቀለል ያለ ቁርስ ነው።

አንደኛ፦ የጎማው ንፋስ

ከሁሉም ርካሽ የሆነውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። ጎማ የመኪናው የመጀመሪያ ሞላ ነው። ጠጠሩን ከባሌስትራው በፊት የሚያገኘው እሱ ነው። ጎሚስታ ቤት ቆመው «ሙላልኝ» ካሉ ግን በግምት፣ ወይም በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር እስኪደርስ ሊሞላልዎት ይችላል። በጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ልክ ነው፤ ለእርስዎ መኪና የተመከረ ልክ አይደለም። የተመከረውን የሚያገኙት አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ጽሑፍ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ነው። እዚያ ለፊትና ለኋላ፣ ብዙ ጊዜም ለባዶና ለጭነት የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። በመሥሪያ ቤት ዘመኑ በጭነቱ ልክ ሲሞላ የኖረ መኪና ዛሬም በልማድ እንዲያ እየተሞላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የራስዎን መለኪያ ይግዙ። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ይለኩ። ለቤተሰብ ጉዞ ለቀላል ጭነት የተመከረውን ይያዙ። አስፋልቱ አልቆ ረጅም ፒስታ ሲጀመር ደግሞ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ ያህል ቢያስተነፍሱ ጎማው ጠጠሩን አቅፎ ያልፋል። ነገር ግን ሁለት ግዴታ አለ። ንፋሱ በቀነሰ ጎማ በፍጥነት አይነዳም፤ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር አይለፉ። ወደ አስፋልት ሲመለሱም ቆመው መልሰው ይሙሉ። የረገበ ጎማ በአስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ውስጡ ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ይፈነዳል። በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የንፋስ መሙያ ከኋላ ማኖር ከዚህ ሁሉ ያድናል። መሙያው ከሌለዎት ግን ለፒስታ ብለው አያስተንፍሱ።

ከሐዋሳ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥተው ባሌ ተራሮች ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወዳለው ሳነቴ የሚወጡ ከሆነ፣ ቅዝቃዜው የጎማውን ልክ ዝቅ፣ ከፍታው ደግሞ ከፍ ስለሚያደርገው እዚያ ካደሩ በማለዳ እንደገና ይለኩ።

ጎማ የሚቀይሩ ከሆነም ያስቡበት። ለከባድ ጭነት የተሠራ ጎማ ጎኑ ደንዳና ነው፤ ንፋሱን ቢቀንሱለትም በቀላሉ አይታጠፍም። ለመኪናው ክብደት ከሚፈቀዱት መካከል ጎኑ ለስለስ ያለ ራዲያል ጎማ መምረጥ ልዩነቱ ይታወቃል። የመሸከም ልኩ ግን መኪናው ከሚጠይቀው በታች እንዳይሆን።

ሁለተኛ፦ ማን የት ይቀመጥ? ምንስ የት ይጫን?

መኪናን እንደ ረጅም አግዳሚ ወንበር ያስቡት። ሁለቱ ጫፎች ሲነሡና ሲወርዱ መሐሉ ብዙም አይንቀሳቀስም። ከፊትና ከኋላ ጎማ መሐል የተቀመጠ ሰው የሚደርስበት ምት ቀላል ነው፤ በኋላ ጎማ ላይ ወይም ከዚያ በስተኋላ የተቀመጠ ግን ይወረወራል። በሃርድ ቶፕ ውስጥ ፊት ለፊት የሚተያዩት ረጃጅም ወንበሮች ያሉት በኋላ ጎማው ላይ ነው። እንግዳ ሲመጣ ለልጆች የሚሰጠውም ይኸው ቦታ ነው። ለምቾትም ለደኅንነትም መጨረሻው ቦታ ይህ ነው፤ በጎን ተቀምጦ መሄድ የማስመለስ ስሜቱን ያብሳል፣ ፍሬን ሲያዝም ልጁን የሚይዘው ነገር የለም።

ስለዚህ እናትዎን ጋቢና ያስቀምጡ። ልጆቹን ከጋቢና ቀጥሎ ባለው፣ ፊቱ ወደ ፊት በሆነው ወንበር ላይ በቀበቶ ይሰሩ። ነፍሰ ጡር ካለች ቀበቶው እንዳይቀር፤ የታችኛው ክፍል ከሆዷ በታች በዳሌ አጥንቷ ላይ፣ የላይኛው በጡቶቿ መሐል ይለፍ። የእርግዝናዋ ወራት ከገፋ ደግሞ ረጅም የፒስታ ጉዞ ከማድረጓ በፊት ሐኪሟን ታማክር።

ጭነቱን በተመለከተ፣ የድንቹን ጆንያ ምሥጢር በሄዱበት ጊዜም መጠቀም ይቻላል። ለማንኛውም የሚወስዱትን ከባድ ነገር፣ ዘይቱን፣ ዱቄቱን፣ ውኃ የተሞላውን ጀሪካን፣ ከኋላ በር አጠገብ ከመጣል ይልቅ ከመካከለኛው ወንበር ጀርባ፣ ወለሉ ላይ አስጠግተው በገመድ ያስሩት። ባሌስትራው ጥቂት ሥራ ያገኛል፣ መኪናውም ይረጋል። ፖርቶመጋላ ላይ የሚወጣው ፍራሽና ባዶ ቅርጫት የመሰለ ቀላል ዕቃ ብቻ ይሁን። ከላይ የተጫነ ክብደት መኪናውን ያወዛውዛል፤ በኩርባ ላይም ለመገልበጥ ያጋልጣል። ለማለስለስ ብሎ ብቻ አሸዋ በጆንያ ጭኖ መዞር ግን አይመከርም፤ ነዳጅ ይበላል፣ ፍሬንም ያደክማል።

ሦስተኛ፦ ሾኩ በሕይወት አለ?

አንዳንዱ «ሾክ»፣ ሌላው «አሞርዛተር» የሚለው ዕቃ መኪናውን ተሸክሞ የሚያቆም ይመስለናል። ተሸካሚው ባሌስትራውና ሞላው ነው። የሾኩ ሥራ ባሌስትራው አንዴ ከተነሣ በኋላ ደጋግሞ እንዳይዘል መያዝ ነው። ውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የመዝለሉን ጉልበት ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ሾኩ የሞተበት መኪና አንድ ጉብታ ሲያልፍ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል። ጎማውም መሬቱን ስለሚለቅ ፍሬንና መሪ ይዳከማሉ።

መከለያውን ተጭኖ መልቀቅ ለአነስተኛ መኪና ጥሩ መፈተኛ ነው፤ በዚህ ጠንካራ መኪና ላይ ግን በሰው ጉልበት ብዙ አይታወቅም። የተሻለው መንገድ ይኸውልዎ። ሃያ ደቂቃ ያህል በፒስታ ከነዱ በኋላ በደልዳላ ቦታ ይቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ። ከዚያ እጅዎን መጀመሪያ አስጠግተው፣ ቀጥሎ በጥንቃቄ በመንካት የአራቱንም ሾክ ሙቀት ያነጻጽሩ። በፊት ያሉት ሁለቱ እርስ በርስ፣ በኋላ ያሉት ሁለቱም እርስ በርስ ሊመሳሰሉ ይገባል። ሌላው ሲግል አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራ አቁሟል ማለት ነው። ገላው ላይ ዘይት አፍስሶ አቧራ የያዘም መቀየር አለበት።

ሲቀይሩ በጥንድ ይቀይሩ፤ ሁለቱን የፊት ወይም ሁለቱን የኋላ። ሻጩ «ለከባድ ሥራ የሚሆን፣ ጠንካራ» ብሎ ቢያመጣልዎት ይጠንቀቁ። ለጭነት ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሾክ ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም መንገጫገጩን ይጨምራል። «የቤተሰብ መኪና ነው፤ ብዙ ጊዜ ያለ ጭነት ነው የሚሄደው» ብለው በግልጽ ይንገሩት።

አራተኛ፦ ባሌስትራውን መንካት

ከዚህ በፊት የተዘረዘሩትን ሳይጨርሱ እዚህ አይድረሱ። ባሌስትራ ተደራርበው የታሰሩ ዝርግ ብረቶች ነው። መኪናው ጉብታ ሲመታ ብረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ መንሸራተት አለባቸው። ዓመታት የተከማቸ ጭቃና ዝገት ካያያዛቸው ግን አምስቱ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ተፈትቶ መታጠብ፣ ዝገቱ መነሣትና ጫፎቹ መሐል እንዲንሸራተቱ የሚያደርግ ስስ ፕላስቲክ ወይም ደረቅ የግራፋይት ቅባት መግባቱ ነው። ተራ ግራሶ መቀባት ለሳምንት ያስደስታል፤ በኋላ ግን የፒስታውን አቧራ ሰብስቦ እንደ ሞረድ ይሆናል።

በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ጎሚኒ የሚባሉት ላስቲኮችም አርጅተው ከተሰነጣጠቁ ብረት ብረትን ይመታል። አዲስ ሲገጠም ለመካኒኩ አንድ ነገር ያስታውሱት። የጫፉ ቡሎን በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው ከክሪክ ወርዶ በጎማው ከቆመ በኋላ ነው። አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል፤ መኪናውን ያጠነክራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ቡሎኖችም ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላ እንደገና ይፈተሹ።

አሁን ወደ ታዋቂው ምክር እንምጣ፦ «ሁለት ብረት ቀንስለት፤ ይለሰልሳል።» ይህን ጽሑፍ ያቀረብኩላችሁ እኔም ከዓመታት በፊት ይህን ምክር ሰምቼ አንድ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ብረት አስወጥቼ ነበር። ከተማ ውስጥ እውነትም ለሰለሰ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ከገጠር በድንችና በሰው ሞልተን ስንመለስ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አክስሉ ወደ ላይ እየወጣ ማቆሚያ ላስቲኩን ይመታ ጀመር። የዚያ ምት ከቀድሞው መንገጫገጭ የባሰ ነበር። የመኪናው ኋላ ስለወረደም የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ እያበራ ከፊት ለሚመጣው ሁሉ አስቸጋሪ ሆነ። በማግስቱ ብረቶቹን መልሼ አስገጠምኩ።

ስህተቴ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ቤተሰብ አንዳንዴ ባዶ፣ አንዳንዴ ሙሉ ይሄዳል፤ እኔ ያሰብኩት ስለ ባዶው ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙ የኋላ ባሌስትራዎች ላይ ከሥር ያለው ወፍራም ብረት መኪናው ሲጫን ብቻ የሚያግዝ ነው፤ ባዶውን ሲሄድ አይነካም። ስለዚህ እሱን ማውጣት ባዶውን መኪና አያለሰልስም፤ የጭነት ጊዜ ረዳቱን ብቻ ነው የሚያሳጣው። ማውጣት ግድ ከሆነ የትኛው ብረት በየትኛው ጭነት እንደሚሠራ የሚያውቅ የባሌስትራ ባለሙያ አይቶ ይወስን፤ መኪናውም ሁልጊዜ ቀላል ጭነት ብቻ የሚይዝ ይሁን። ሞላ ማስቆረጥን ወይም በእሳት ማስሞቅን ግን በጭራሽ አይሞክሩ። የተቆረጠ ሞላ አጭር ብቻ ሳይሆን ይበልጥ ጠንካራም ይሆናል፤ በእሳት የተነካ ደግሞ ሊሰበር ይችላል። የመኪናውን እግር መቀየር በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ እንደሚችልም አይርሱ።

አቅም ላለው የተሻለው መፍትሔ ለመኪናው ሞዴል በቀላል ጭነት ልክ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ ከነሾኩ መግዛት ነው። መሐሉ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ፣ ብረቶቹም ጥቂት የሆኑ ፓራቦሊክ የሚባል ዓይነትም አለ። ብረቶቹ የሚነካኩት መሐልና ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ መፋተጉ ይቀንሳል። አንዳንዴ ለሚመጣው ከባድ ጭነት ደግሞ ንፋስ የሚሞላ ተጨማሪ ድጋፍ ከኋላ መግጠም ይቻላል፤ ሲጫን ይሞላል፣ ባዶ ሲሆን ይተነፍሳል። ያ ሬንጅ ሮቨር የተከተለው መንገድ ዘመድ መሆኑ ነው።

ወንበሩና የሾፌሩ እግር

አሮጌ መኪና ውስጥ የወንበሩ ስፖንጅ ተበልቶ ሰው ብረቱ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ይህን ለመፈተሽ ወንበሩን በጡጫ ይጫኑት፤ እጅዎ ብረት ካገኘ የእናትዎም አጥንት እያገኘው ነው። የወንበር ሠሪ ጋ ሲሄዱ በጣም ለስላሳውን ስፖንጅ አይምረጡ። ሲነኩት ያስደስታል፤ ጉድጓድ ሲመጣ ግን ተጨፍልቆ ያልቃል። ደንደን ያለ ስፖንጅ ከታች፣ ቀጭን ለስላሳ ከላይ ይሁን። ከወገብ ጀርባ የሚደረግ ትንሽ ትራስም ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሾፌሩ እግር ነው። እንደ ቤት ቆርቆሮ በተሸበሸበ ፒስታ ላይ «በ80 ስትነዳ መንገጫገጩ ይጠፋል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጎማው ከሸንተረር ሸንተረር እየዘለለ ስለሚያልፍ የሚሰማው መናጥ ይቀንሳል። ግን እየዘለለ ያለ ጎማ መሬቱን አልያዘም። ኩርባ፣ ከብት ወይም ሕፃን ልጅ ድንገት ሲመጣ መሪውም ፍሬኑም አይታዘዝም። ቤተሰብ ይዞ ትክክለኛው ፍጥነት በዚያ መንገድ ላይ በሰላም የሚቆሙበት ፍጥነት ነው። አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መነሣት ከብዙ ዕቃ መግዛት ይሻላል። በየሰዓቱ መቆምና እናትዎ ወረድ ብለው እግራቸውን እንዲያፍታቱ ማድረግም እንዲሁ።

አንዱን ቀይሮ አንዱን መሞከር

ብዙዎቻችን ጎማ፣ ሾክና ባሌስትራ በአንድ ቀን እናስነካና የትኛው እንደጠቀመ፣ የትኛው እንደጎዳ ሳናውቅ እንቀራለን። እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ከቤትዎ ብዙም የማይርቅ አንድ መንገድ ይምረጡ፤ ትንሽ አስፋልት፣ ትንሽ ኮብልስቶን፣ ቢቻልም በአላሙራ በኩል ወይም ሌላ የከተማው ዳር ያለ ትንሽ ፒስታ ያለበት። በተመሳሳይ ፍጥነትና በተመሳሳይ ሰው ብዛት ይንዱበት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ንፋሱን ብቻ ያስተካክሉ። በሁለተኛው አቀማመጡንና ጭነቱን። ከዚያ በኋላ ሾኩን። እያንዳንዱን በልጆቹ የድሮ ደብተር ላይ ይጻፉ፦ ቀኑን፣ የንፋሱን ልክ፣ ማን የት እንደተቀመጠ፣ ምን እንደተሰማችሁ። ከመንገዱ መልስ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ዓሣ እየበላችሁ ከተወያያችሁበት ደግሞ የቅዳሜ መዝናኛ ይሆናል። ልጆች እንዲህ ያለ ምርመራ ይወዳሉ፤ ነጥብ መስጠቱንም ለእነሱ ይተዉላቸው።

ንፋሱንና አቀማመጡን ብቻ አስተካክለው ውጤቱ ከበቃዎት እዚያ ላይ ያቁሙ። ባሌስትራው የተሠራለት ጭነት አንድ ቀን ይመጣል፤ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለመኸር። ያን ቀን ጥንካሬው ያስፈልግዎታል።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። ከጉዞ ሲመለሱ እናትዎን «ተመቸዎት?» ብለው አይጠይቁ። «በጣም ተመችቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» እንደሚሉ የታወቀ ነው፤ ባለፈውም እንዲያ ነበር ያሉት። ይልቅ የሚቀጥለው በዓል ሲቃረብ ዝም ብለው ይመልከቱ። ማንም ሳይጠይቃቸው ነጠላቸውን አሳጥበው፣ ለገጠር ዘመድ የሚወስዱትን ቡና በላስቲክ ቋጥረው ካገኟቸው፣ መኪናው ተስተካክሏል።